ጭቃ ቤት ሲሚንቶ አይለብስም

የተከበራችሁ የእድራችን ሊቀመንበር፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

የእድራችን ቤት የውጭ ግድግዳ ጥገና አልቆ ለማየት ስላበቃን እግዚአብሔር ይመስገን። ሊቀመንበሩ «አሳጥረህ ተናገር» ብለውኛል። አሳጥራለሁ፤ ስለ ሲሚንቶው ግን አላሳጥርም።

አምና እዚሁ ግቢ ተሰብስበን «ሽቦ መትተን በሲሚንቶ እንለስነውና እንገላገል» ያላችሁ ብዙ ነበራችሁ። ስም አልጠራም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል። ያን ቀን የተቆጣሁት ወድጄ አይደለም። ከወፍጮ ቤቱ በታች የነበረውን የአባቴን ቤት ታስታውሳላችሁ። አባቴ ከጡረታው ቆጥቦ ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለሰነው። እንዴት አማረ! ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ቤት እንኳን ደስ ያለህ አለው። በአራተኛው ክረምት እናቴ ሥዕል ልትሰቅል ሚስማር ብታስጠጋ፣ ሚስማሩ ያለ መዶሻ ገባ። ልስኑን ከውጭ ፈልፍለን ብናይ የማዕዘኑ ቋሚ እንደ ራሰ ዳቦ በጣቴ ተፈረፈረ። ማገሩን ምስጥ በልቶት ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። ለካ ቤቱን አቁሞት የኖረው የሲሚንቶው ቅርፊት ነው! አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ወንበር አውጥቶ ደጅ ተቀመጠ።

ጭቃ የክረምቱን ዝናብ ይጠጣል፣ በመስከረም ፀሐይ መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ ግን በስንጥቁ ውሃ ያስገባና መውጫውን ይዘጋበታል። እንጨቱ እዚያው ታፍኖ ይበሰብሳል።

«ጭቃ የድሃ ነው» ትላላችሁ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ አዲስ አበባን ያቆማት ማን ሆነና? ሁላችንም የተወለድነው በጭቃ ቤት ነው! ዛሬ ያፈርንበት ግድግዳ ስንቱን ክረምት አሳልፎናል!

የዚህ ቤት ማዕዘኖች ጥድ ናቸው፤ ስንቆርጣቸው ግቢው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። የሦስቱን ቋሚዎች የበሰበሰ እግር ቆርጠን በጥድ ቀጠልን፣ ከሥራቸው ድንጋይ አስገባን። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠን፣ አብኩተን መረግነው። በላዩ ኖራ ቀባነው፤ ኖራ እርጥበት አያፍንም። አሸንዳውም ተቀይሯል። ሒሳቡን ገንዘብ ያዡ ያቀርባሉ።

የተረፈው ኖራ በርሜል ውስጥ ውሃ ለብሶ ተቀምጧል። ክዳኑን ክፍት አትተዉት፤ ያቃጥላል፣ ልጆች እንዳይነኩት። ከፋሲካ በፊት አንድ እጅ እንደግመዋለን፤ ብሩሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።