በስብሰባው ላይ ያልተነገረው፦ የሥራ ቡድን ውጤታማ የሚሆነው እንዴት ነው?

(ምስል፦ ጠዋት፣ ሰንጋ ተራ። ሠራተኞች ወደ ባንክ ሕንፃዎች ይገባሉ።)

ተራኪ፦ ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዛሬው ቪዲዮ የምንመለከተው በመሥሪያ ቤት ውስጥ በቡድን መሥራት እንዴት ውጤታማ እንደሚሆን ነው። ስለ ቡድን ሥራ ሲነሳ አዘውትሮ የሚነገረን መከባበርና መተባበር ነው፤ ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን በደንብ የሚከባበሩና የሚዋደዱ ሰዎች ተሰብስበው የተሳሳተ ውሳኔ ሲያሳልፉ በየመሥሪያ ቤቱ እናያለን። የዚህ ዋነኛ ምክንያት፣ በእኛ እምነት፣ አባላቱ በየግላቸው የሚያውቁት ነገር ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት በአንድ ቦታ አለመሰብሰቡ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከተው። ከብሔራዊ ቴአትር አንስቶ እስከ ሰንጋ ተራ ባለው አካባቢ የበርካታ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ በአንዱ የብድር ኮሚቴ ተሰብስቧል እንበል። የቀረበው ፋይል፣ መኖሪያ ቤቱን በዋስትና አስይዞ ለንግዱ ማስፋፊያ ገንዘብ የጠየቀ የአንድ ነጋዴ ነው። የብድር ባለሙያዋ የሂሳብ መግለጫውን መርምራ ገቢው ብድሩን ለመክፈል እንደሚበቃ ጽፋለች። ንብረት ገማቹ መሐንዲስ ቤቱን ለክቶ ዋጋ አውጥቷል፤ በጉብኝቱ ወቅት ግን በአጎራባች አጥሮች ላይ የመንገድ ማስፋፊያ ምልክት በቀለም ተቀብቶ አይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመሃል አዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ስንት ይዞታ እንደተነካ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል መረጃ አይደለም፤ ሆኖም የግምት ቅጹ ስለ ጎረቤት አጥር የሚጠይቅበት ቦታ ስለሌለው አልጻፈውም። የሕግ ባለሙያው ቤቱ ዕዳም ሆነ እግድ እንደሌለበት አረጋግጧል፤ የባለቤትየዋ ስምምነት በውክልና የተፈረመ መሆኑ ግን ከንክኖታል። ከቅርንጫፍ የመጣችው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ፣ ነጋዴው ቀድሞ በየቀኑ ያስገባ የነበረውን የሽያጭ ገንዘብ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ማስገባት መጀመሩን በዓይኗ አይታለች።

ሦስቱ ስጋቶች በየራሳቸው ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። በአንድ ላይ ቢነገሩ ግን ፋይሉ ለተጨማሪ ማጣራት እንደሚመለስ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት፣ «እኚህ ሰው የቆዩ ደንበኛችን ናቸው፤ ብዙም የሚያከራክር ጉዳይ አይመስለኝም» በማለት ነበር። ብድሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ገማቹና የቅርንጫፏ ሠራተኛ ምድር ቤት ወርደው ማኪያቶ ሲጠጡ፣ በስብሰባው ላይ ሊነገር ይገባ የነበረው ሁሉ እዚያ ተነገረ።

በዚህ ቡድን ውስጥ ሰነፍ የለም፤ ሥራውን የማያውቅም የለም። የተባለውን ያደረገ ሁሉ ድርሻውን የተወጣ ስለሚመስለው ማንም ሰው ጥፋተኛነት አልተሰማውም። እ.ኤ.አ. በ1985 ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ ክፍተት በሙከራ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ በቡድን ሆነው ከዕጩዎች መካከል አንዱን እንዲመርጡ ተደረገ፤ ስለ ዕጩዎቹ ከተዘጋጀው መረጃ ከፊሉ ለሁሉም አባላት ሲሰጥ፣ የተቀረው ለየአንዳንዱ ሰው ተከፋፍሎ ተሰጠ። የተከፋፈለው መረጃ ቢሰባሰብ የትኛው ዕጩ የተሻለ እንደሆነ በግልጽ ይታይ ነበር። ቡድኖቹ ግን በውይይታቸው ደጋግመው ያነሱት ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ ብዙውን ጊዜ ሳይነሳ ቀርቶ የተሻለው ዕጩ ሳይመረጥ ቀርቷል።

ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መናገር ቀላል ነው፤ ተናጋሪው ወዲያው ድጋፍ ያገኛል። ብቻውን የሚያውቀውን የሚናገር ሰው ግን ማስረዳት፣ መጠየቅና አንዳንዴም ተቃውሞ ይጠብቀዋል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ላይ ይሉኝታ ይታከልበታል። ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሠራተኛ፣ አለቃው የተናገረውን ነገር የሚያፈርስ መረጃ በእጁ ሲገኝ ዝምታን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። ይህን ባህል መናቅ ተገቢ አይደለም፤ ሰው ሰውን የሚያከብርበት መንገድ ነውና። የሚያስፈልገው፣ ታላቅን ሳያዋርዱ እውነቱን ማቅረብ የሚቻልበት የታወቀ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በአንድ የሙያ ዘርፍ ውስጥ ተፈጥሯል፤ የተፈጠረው ግን እጅግ ከባድ ዋጋ ከተከፈለ በኋላ ነው።

(ምስል፦ በጭጋግ የተሸፈነ የአውሮፕላን መንደርደሪያ።)

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. የስፔን ግዛት በሆነችው በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም፣ ሌላኛው የአሜሪካው ፓን አም ነበር። ጭጋጉ ከባድ ስለነበር ሁለቱ አብራሪዎች አይተያዩም ነበር። የኬኤልኤሙ ዋና አብራሪ የመነሳት ፈቃድ ሳያገኙ መንደርደር ሲጀምሩ፣ የበረራ መሐንዲሱ የሬድዮውን ንግግር ሰምቶ ስለነበር ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ዋና አብራሪው በድርጅቱ ውስጥ ሌሎችን የሚያሠለጥኑ፣ ከፍተኛ ክብር ያላቸው ሰው ነበሩ፤ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ መውጣቱን መለሱ። መሐንዲሱ ከዚያ በኋላ አልገፋበትም። ሴኮንዶች ቆይተው ተጋጩ።

ለአደጋው ምክንያት የሆኑት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ጭጋጉ፣ የተደራረበው የሬድዮ ንግግርና የጊዜው ጥድፊያ ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ትክክለኛው ጥያቄ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠይቆ ትክክለኛ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ የአቪዬሽኑን ዓለም አናወጠው። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ የጠፈርና የበረራ ምርምር ተቋም ናሳ በጉዳዩ ላይ ዓውደ ጥናት አካሄደ፤ ከዚያም አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን ከበረራ ችሎታ በተጨማሪ በቡድን መሥራትን ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚህ ሥልጠና ትምህርቶች አንዱ የበታች ባልደረባ ስጋቱን ለአለቃው የሚያቀርብበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሰውየውን በአክብሮት ይጠራል፤ ከዚያ ስጋት እንዳለው ይናገራል፤ ያየውን ነገር ይገልጻል፤ መፍትሔ ያቀርባል፤ በመጨረሻም አለቃው መስማማት አለመስማማቱን ይጠይቃል።

የቅርንጫፏ ሠራተኛ በዚህ ቅደም ተከተል ብትናገር ምን ትል እንደነበር እንስማ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በዚህ ፋይል ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ደንበኛው በየቀኑ ያስገቡት የነበረው ገንዘብ አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኗል። ውሳኔ ከመስጠታችን በፊት የቅርብ ወራቱን የሂሳብ እንቅስቃሴ እስከ ነገ ጠዋት አትሜ ላቅርብ። ይስማሙበታል?» በዚህ ንግግር ውስጥ ማንም አልተዋረደም፤ ማንም አልተከሰሰም። የመጨረሻዋ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊ ናት፤ ምክንያቱም ሰብሳቢው መልስ ሳይሰጡ ማለፍ አይችሉም። ብዙ ሠራተኞቻችን ስጋታቸውን በተዘዋዋሪ፣ በቅኔ መሰል አነጋገር ጣል አድርገው ያልፉና በኋላ «ተናግሬ ነበር» ይላሉ። መልስ ያልተጠየቀበት ስጋት ግን እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ሸክሙን ሁሉ በታናሹ ላይ መጣል ደግሞ ፍትሕ አይሆንም። የሰብሳቢው ድርሻ ይበልጣል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታን የሚያመጣውም የሚሰብረውም በዋነኛነት እርሱ ነውና። ሰብሳቢ ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ዙሩም ከታናሹ ይጀምር። «አስተያየት ያለው አለ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ዝምታን ይጋብዛል፤ «በፋይሉ ላይ ያልተጻፈ፣ አንተ ግን ያየኸው ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ በስም የተጠየቀ ሰው ግን ይመልሳል።

መተዋወቅ እንኳን ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር መሠረት፣ የታካሚው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እየተናገሩ ይተዋወቃሉ። ከታንዛንያዋ ኢፋካራ እስከ ለንደን ባሉ 8 ከተሞች፣ በ8 ሆስፒታሎች ዝርዝሩ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰቱ የከፉ ችግሮች ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ፣ ሞት ደግሞ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ ታየ። ለውጡን ያመጣው መተዋወቁ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ዝርዝሩ 19 ነጥቦች አሉት። ነገር ግን አንድ ጊዜ ድምጿን ያሰማች ነርስ፣ በኋላ ስህተት ስታይ ለሁለተኛ ጊዜ ለመናገር እንደሚቀላት መረዳት አይከብድም።

(ምስል፦ የስብሰባ አዳራሽ። በግድግዳው ላይ «የሩብ ዓመት ግምገማ» የሚል ጽሑፍ።)

አሁን ወደ አንድ ስሱ ጉዳይ እንሻገር፤ እርሱም ግምገማ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግምገማ የሚለው ስም ሲጠራ ሠራተኛው የሚያስበው ማን ይነካ ይሆን እያለ ነው። ስህተት በተገኘበት ሁሉ ሰው የሚመታ ከሆነ፣ ሰው ስህተትን መደበቅ ይማራል። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን ስታጠና፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነበር፤ በጥሩዎቹ ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት ይበዛ ነበር። ነገሩን ጠለቅ ብላ ስትመረምረው፣ በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ሰዎች ስህተታቸውን ያለ ፍርሃት ስለሚናገሩ እንደሆነ ተረዳች። ስለዚህ «በእኛ ክፍል አንድም ስህተት የለም» የሚል ሪፖርት የሚቀርብለት ኃላፊ ደስ ከመሰኘቱ በፊት፣ ሠራተኞቹ እርሱን ምን ያህል እንደሚፈሩት ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዕውቀት ነው። የጉልበትንም ነገር በአጭሩ እናንሳ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሰው የያዛት ሎሚ የራሱ ናት፣ ትታወቃለች። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክሲሚሊየን ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ገመድ በጋራ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ፤ ስምንት ሆነው ሲጎትቱ አንዱ ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ብቻ ያወጣ ነበር። ከከፊሉ መቀነስ ጀርባ ያለው ምክንያት መቀናጀት አለመቻል ሲሆን፣ ሌላው ግን የማን ጉልበት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳመለከቱት፣ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው እንደሚለካ ሲነገር ልግመቱ ይጠፋል። ገበሬዎቻችን በደቦ ሲያጭዱ ጎን ለጎን ተሰልፈው እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ መሄዱ ይህንኑ ያሟላል፤ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ለዓይን ይታያል። በቢሮ ውስጥ «ቡድኑ ያዘጋጃል» ተብሎ የተመራ ደብዳቤ ግን የማንም መስመር አይደለም።

የአባላቱ ቁጥርም መወሰን አለበት። አምስት ሰዎች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው መንገዶች 10 ናቸው፤ አሥር ሰዎች ሲሆኑ 45 ይደርሳሉ። ማንም እንዳይቀየም ተብሎ ከየክፍሉ ሰው እየተጨመረ የሚቋቋም ኮሚቴ ገና ሥራ ሳይጀምር የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። መረጃ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ቃለ ጉባኤው ይላክለት፤ አባል መሆን የለበትም።

ቃለ ጉባኤውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ፣ ምን ተወሰነ እያልን ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዲጨመሩ እንመክራለን። አንደኛው፣ በእያንዳንዱ ውሳኔ አጠገብ የአንድ ሰው ስምና የማስረከቢያ ቀን ነው፤ «የሚመለከታቸው ክፍሎች» የሚለው ሐረግ እዚያ ቦታ ላይ መግባት የለበትም። ሁለተኛው የተነሳው ስጋትና የሚያጣራው ሰው ነው። በምሳሌያችን፣ «በዋስትናው አካባቢ የመንገድ ማስፋፊያ ምልክት መታየቱ ተነግሯል፤ ገማቹ እስከ ሐሙስ ከክፍለ ከተማው አጣርቶ ያቀርባል» ተብሎ ይጻፋል። ቀጣዩ ስብሰባ አዲስ አጀንዳ ከመያዙ በፊት ይህ መስመር ይነበባል፤ ገማቹም ያገኘውን ይናገራል።