ሁለት ጀግና በአንድ አካል፦ የአማልጋም ዓለም እንዴት ተሠራ?

[ምስል፦ የባትማን ጭንብልና የዎልቨሪን ጥፍር በአንድ ጥላ ላይ]

ባትማን በልጅነቱ ወላጆቹ ዓይኑ እያየ የተገደሉበት ሰው ነው። ዎልቨሪን ደግሞ አጥንቱ በማይሰበር ብረት ተለብጦ የጦር መሣሪያ እንዲሆን የተፈረደበት ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ቢወለዱስ? እ.ኤ.አ. በ1996 የባትማን ባለቤት ዲሲ እና የዎልቨሪን ባለቤት ማርቭል የተባሉት የአሜሪካ ኮሚክ (የሥዕል ታሪክ) አሳታሚዎች ሁለቱን አዋሕደው ሎጋን ዌይን የሚባል ሰው ፈጠሩ፤ የጀግንነት ስሙም ዳርክ ክሎው ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በፍልሚያ ነበር። ኩባንያዎቹ በጋራ ባሳተሙት ባለአራት ክፍል ታሪክ፣ የየዓለማቸው መገለጫ የሆኑ ሁለት ኃያላን ወንድማማቾች ተጋጭተው ጀግኖቻቸውን ያፋልማሉ፤ የአምስቱን ግጥሚያ አሸናፊም አንባቢዎች በድምፃቸው መርጠዋል። በሦስተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ ዓለማቱ ይዋሐዳሉ። ከአራተኛው ክፍል በፊትም ስድስቱ በዲሲ፣ ስድስቱ በማርቭል የተዘጋጁ 12 መጻሕፍት አማልጋም (ውሕድ) በሚል ስም ወጡ፤ በ1997 ሌሎች 12 ተከተሉ።

[ምስል፦ ሱፐር ሶልጀር ጋሻውን ይዞ]

ከሁሉም በላይ የተዋጣለት ውሕደት፣ በእኔ ግምት፣ ሱፐርማንን ከካፒቴን አሜሪካ ያጣመረው ሱፐር ሶልጀር ነው። ደራሲው የአንዱን ጉልበት በሌላው ላይ በመደረብ አልተወሰነም፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣው ሕፃን መንኮራኩሩ ሲከሰከስ እንዲሞት አደረገ፤ ከዚያም ሳይንቲስቶች ከሕፃኑ አካል የቀመሙትን መድኃኒት ለምድራዊው ክላርክ ኬንት ሰጡት። ሁለቱ የአፈጣጠር ታሪኮች በአንድ ሞት ላይ ስለተገናኙ መጋጠሚያቸው አይታይም።

ቡድን ማዋሐድ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የግለሰቦቹን ብቻ ሳይሆን የቡድኑን ዓላማም ማስታረቅ ይጠይቃልና። በዲሲ ዓለም ልዩ ኃይል ያላቸው ሰዎች ሜታሂውማን ሲባሉ በማርቭል ደግሞ ሚውታንት የሚባሉ አሉ፤ በአማልጋም ሜታሚውታንት ተባሉ። የዲሲው የጀግኖች ቡድን ጀስቲስ ሊግ ከሁለት የማርቭል ቡድኖች ጋር ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ተዋሐደ፤ ከአቬንጀርስ ጋር ጄኤልኤ፣ ከሚውታንቶቹ ቡድን ከኤክስ ሜን ጋር ጄኤልኤክስ ሆነ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተገነጠለ የሜታሚውታንቶች ቡድን ነው። የጀስቲስ ሊግ አባላት በሕዝብ ዘንድ የተከበሩ ሲሆኑ ኤክስ ሜን ግን በሚጠብቁት ሕዝብ የሚጠሉ ናቸው፤ ይህ ተቃርኖ በአንድ ቡድን ስም ሥር ሊኖር ስለማይችል መገንጠሉ ከታሪኩ የመነጨ እንጂ በግድ የገባ አይመስልም።

[ምስል፦ የቆየ የሚመስል የኮሚክ ገጽ]

አዘጋጆቹ ለዚህ ዓለም ያልነበረ ትናንትም ሠሩለት። በየገጹ ግርጌ ፈጽሞ ያልታተሙ ቀዳሚ ክፍሎችን ይጠቅሳሉ፤ የአንባቢ ደብዳቤዎችንም ራሳቸው ፈጥረው ያትማሉ። በዚህም የተነሣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ያነሣ ሰው ለዓመታት ከዘለቀ ታሪክ መካከል የገባ ይመስለዋል።

ዓለሙ ከሁለት ዓለማት የተዋሐደ መሆኑን በዚያ ጠንቅቆ የሚያውቀው ከዲሲው ዶክተር ፌትና ከማርቭሉ ዶክተር ስትሬንጅ የተዋሐደው ጠንቋይ ዶክተር ስትሬንጅፌት ነው፤ የተዋሐደው ዓለም እንዳይፈርስም ይዋጋል። ተቃዋሚው አክሰስ፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በጋራ የያዙት ገጸ ባሕርይ፣ ከውሕደቱ በፊት በባትማንና በካፒቴን አሜሪካ ውስጥ ባኖራቸው የየዓለማቱ ስባሪዎች ተጠቅሞ ዓለማቱን ሊለያይ ይጥራል። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ወደ ስትሬንጅፌት ያደላል፤ ለአክሰስ የዓለም መመለስ የሆነው ነገር ለሎጋን ዌይን መጥፋት ነውና።