ብርቱካናማው ክፍል

ሰላም ናችሁ? ወንበሩ ዛሬም ይጮኃል፣ ታገሱት። ባለፈው የጀመርነውን የእንቅልፍ ወሬ ለሌላ ቀን እናቆየው። ሌላ ነገር አለ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ።

የእህቴ ነገር ነው። አዎ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራዋ እህቴ። «ፕሮቲኔ» የምትለውን ታውቁታላችሁ። ቅርጹን በኤክስሬይ ለማየት ክሪስታል መሆን ሲገባው፣ አልሆን እያለ ያስለቀሳትን። የእሱ የብቻው ቅርጽ ድሮ ወጥቷል። እሷ የምትፈልገው ከሌላኛው ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ ያለውን ነበር።

በቪዲዮ ደወለችልኝ። ፊቷን አላሳየችኝም፣ ካሜራውን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረችው። ቅርጹ እዚያ ይሽከረከራል፣ ሁለቱም ተያይዘው። አልፋፎልድ የተነበየው ነው፣ የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየው የኤአይ ፕሮግራም። «ይኸውልሽ» አለችኝ። እኔ «እንኳን ደስ አለሽ!» አልኩ፣ ጮኼ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ። ከዚያ ቀስ ብላ «አሁን እኔ ምን ልሥራ?» አለች።

ያዘነች አትመስልም ነበር። የተደሰተችም አትመስልም። እዚያ ጋ ነው የቀረሁት።

የፕሮቲን ቅርጽ ሲያጠና የኖረውን ሳይንቲስት ማክስ ፔሩትዝን አስታወሰችኝ። ሰውየው ሄሞግሎቢንን፣ ያንን በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ በ1937 ጀመረ። ጦርነት መጣ፣ በ1940 የጠላት አገር ሰው ነህ ተብሎ ታሰረ፣ እስከ ካናዳ ተጋዘ። ተመልሶ እዚያው ፕሮቲን ላይ! በ1953 የሜርኩሪ አቶም ፕሮቲኑ ላይ ማጣበቅ መፍትሔ እንደሚሆን ገባው። ቅርጹን ያየው በ1959 ነው። 22 ዓመት፣ ለአንድ ፕሮቲን። አሁን አልፋፎልድ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾችን ተንብዮ ለዓለም ሁሉ በነጻ አስቀምጧል። በ2024 ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚህ ሥራ ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ይገባቸዋል፣ ከልቤ ነው የምለው። ግን ማሽኑ የተማረው ከየት ነው? እንደ ፔሩትዝ ያሉ ሰዎች በቤተ ሙከራ ለፍተው ካወጧቸው፣ ከ1971 ጀምሮ በአንድ የመረጃ ቋት ከተጠራቀሙት ቅርጾች ነው። የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ዕድሜ እዚያ ውስጥ አለ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ስልኩ።

ያኔ ነው ምስሉን ያጎላችው። አብዛኛው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ማለት ማሽኑ በትንበያው ይተማመናል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ግን የተንጠለጠለ ብርቱካናማ ነገር አለ። «ይቺን አየሻት?» አለችኝ። ድምጿ ተቀየረ እኮ! «ተሳስቶ ነው?» አልኳት። «አይደለም፣ እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም እያለኝ ነው» አለች። እንዲህ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ቋሚ ቅርጽ የሌለው ነው አሉ፣ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ጫፍ ብቻ አወራች። ፈጥና ፈጥና። ግማሹ አልገባኝም፣ ግን እንዴት ደስ አለኝ!

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ያ ማሽን የማያውቀውን በቀለም ያሳያል። ጽሑፍ የሚጽፉልን ማሽኖችስ? የሚያውቁትንም የማያውቁትንም በአንድ ዓይነት ድምጽ ነው የሚነግሩን። በ2022 ሜታ ጋላክቲካ የሚባል፣ በሳይንስ ጽሑፎች የሠለጠነ የኤአይ ሞዴል አወጣ። የሌለ ነገር እንደ እውነት እየጻፈ አስቸገረና በሦስት ቀን ከሕዝብ እጅ አነሱት። የእህቴ ተማሪዎች አሁን የምርምር ጽሑፍ ማጠቃለያ በማሽን አሠርተው ይመጣሉ። ጥርት ያለ ነው። «ያልገባህ የቱ ጋ ነው?» ስትል ግን መልስ የለም። ሁሉም የገባው ይመስላል።

በሌላ በኩል፣ ቆይ፣ በ2020 በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃሊሲን የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ ያገኙት በኤአይ ሞዴል ታግዘው አይደል? ለስኳር በሽታ ተሞክሮ የተተወ ውህድ ነበር። ባክቴሪያ እንደሚገድል ሞዴሉ ጠቆመ፣ እነሱ በቤተ ሙከራ ሞክረው አረጋገጡት። መድኃኒት ያጣ ሕመምተኛ፣ ተመራማሪው 22 ዓመት ለፋ አልለፋ ምኑ ነው? እውነቱን ነው። ስለዚህ ዝግ ይበል ማለት አልችልም።

ግን እህቴ ያቺን ጫፍ ስታይ ዓይኗ የበራው ያን ሁሉ ጊዜ ስለለፋች ነው፣ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል። ሳይለፉ የሚመጡት ልጆች ያንን ዓይን ከየት ያመጡታል? ወይ ደግሞ እኛ በማናውቀው መንገድ ይማሩት ይሆናል። ይቻላል። እሷ ራሷም ባለፈው… አይ፣ እሱን እሷ ብትናገረው ይሻላል። እዚህ አምጥቼ ላስቀምጣት ነው፣ እምቢ ካላለች። እምቢ ካለች ግን… እንጃ፣ እናያለን።