ቡላዋ ባዝራ ከማን ወጣች?

[ምስል፦ ሱሉልታ፣ ጠዋት። ጋሪዎች አስፋልቱ ዳር ተሰልፈዋል።]

ይቺን ባዝራ እዩልኝ። ሰውነቷ ማር የመሰለ ቡላ ነው። ጋማዋና ጭራዋ ግን ጥቁር። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው ያገኘኋት። ባለቤቷን ጋሼ እያልኩ ልጥራቸው። ጋሼ እናቷንም አባቷንም ያውቃሉ። እናቷ ጥቁር፣ አባቷ ዳማ።

«ታዲያ ይቺ ከየት መጣች?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ሰፈሩ ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ። አባቷ ሌላ ነው እያሉ እናቷን አምተው ጨረሷት።»

እንግዲህ የዛሬው ሥራችን ያቺን እናት ከሐሜት ማዳን ነው።

[ምስል፦ የፈረስ ፀጉር በቅርበት]

የፈረስ መልክ ብዙ ይመስላል እንጂ ማቅለሚያው ሁለት ብቻ ነው። ጥቁሩ ኢዩሜላኒን ይባላል፣ ቀዩ ፊዮሜላኒን። ቀዩ ብቻውን ከሆነ ፈረሱ እስከ ጋማው ቀይ ይሆናል። ጥቁሩ መላ ሰውነቱን ከያዘ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሩ ወደ ጋማ፣ ወደ ጭራና ወደ ቅልጥም ተገፍቶ ሰውነቱ ከቀላ ደግሞ ዳማ። ሁሉንም ቀይ ፈረስ ዳማ የሚሉ አሉ፤ እኔ ዛሬ ዳማ የምለው ጋማው ጥቁር የሆነውን ብቻ ነው። ይህን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ጂኖች ናቸው። እንለፋቸው።

እኛን የሚያስፈልገን ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ነው። ቀለሙን የሚያቀጥነው።

[ምስል፦ ቡና ላይ ወተት ሲፈስ]

የመጀመሪያው ክሬም ይባላል። ጂኑ ኤስኤልሲ45ኤ2 ነው። ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ሥራው ቀለም የሚመረትባት ትንሽ የሕዋስ ከረጢት ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ማሠራት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ክሬም ፈረሶች ላይ በዚህ ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራ አገኙ። አንዲት ብቻ! በጂ ቦታ ኤ ገባች። በዚያ የተነሳ የፕሮቲኑ 153ኛ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲኑ ከተገነባባቸው ጡቦች አንዱ፣ ተለወጠ፣ ቀለሙም ቀጠነ። በነገራችን ላይ ይኸው ጂን በሰው ላይ ሲበላሽ አንድ ዓይነት አልቢኒዝም ያመጣል። የነጩ የእስያ ነብር (ታይገር) ምስጢርም እዚሁ ጂን ውስጥ ነው።

ፈረስ እንደ እኛ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። አንድ የተቀየረ ቅጂ ቀዩን ቀለም ያቀጥናል። ጥቁሩን ግን እምብዛም አይነካውም። ይቺን ያዙልኝ።

ቀይ ፈረስ አንድ ቅጂ ሲደርሰው ወርቅ ይመስላል፣ ጋማው ይነጣል። ዳማ ሲደርሰው ሰውነቱ ቡላ ይሆናል፣ ጋማው ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ጥቁር ፈረስስ? ምንም አይሆንም። የሚቀጥን ቀይ የለውማ! ቢበዛ ብዙ ፀሐይ እንደመታው ጥቁር ኮት ቡናማ ነገር ጣል ያደርግበታል።

እንግዲህ የጋሼ ጥቁር ባዝራ ክሬሙን ዕድሜዋን ሙሉ ደብቃ ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። ለልጇ ማስተላለፏ ዘውድና ጎፈር ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ጥቁሩን ወደ ጋማና ወደ ጭራ የሚገፋው ጂን ደግሞ ከዳማው አባት ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ጋማዋ ጥቁር የሆነች ቡላ ትወለዳለች። ሌላ አባት መፈለግ አያስፈልግም።

ግን መቸኮል አልፈለግሁም። አጼ ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው የተባሉበት አገር ነው፤ ለፈረስ ቃል አይቸግረንም። ቡላ የምትለው ቃል ግን ታታልላለች። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ስም ሰጥተናቸዋል።

[ምስል፦ ጭድ የተጫኑ አህዮች፣ ከኋላ]

ሁለተኛውን የዱር ቡላ ልበለው። እሱን ለማየት ፈረስ አያስፈልግም፤ ከፊታችሁ የምትሄደውን አህያ እዩ። ጀርባዋ ላይ ቁልቁል የወረደ ጠቆር ያለ መስመር አለ። ትከሻዋ ላይ ሌላ መስመር ያቋርጠዋል። ሌላው ሰውነቷ ገርጥቷል። የዱር ቡላ የሆነ ፈረስም እንደዚሁ ነው። የጀርባ መስመሩ አይቀርም፤ አንዳንዴ እግሩ ላይም እንደ ሜዳ አህያ ሽንትር ይኖረዋል።

እኔን ያስገረመኝ የሚገረጣበት መንገድ ነው። እዚህ አካባቢ የቆርቆሮ አጥር አይታችሁ የለ? ወደ መንገድ ያለው ጎኑ ቀለም ይቀባል፣ ወደ ግቢው ያለው እንዲሁ ይተዋል። የዱር ቡላ ፀጉርም ልክ እንደዚያ ነው። ቀለሙ ያለው ወደ ውጭ በሚያየው ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ብርሃን ያልፍበታል፣ ዓይናችን ገርጥቶ ያየዋል። የጀርባው መስመር ላይ ያለው ፀጉር ግን ዙሪያውን ቀለም አለው።

ይህን በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳየው በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የመሩት ቡድን ነው። ጂኑ ቲቢኤክስ3 ይባላል። ከፀጉሩ ሥር በአንዱ ወገን ይሠራል፤ በሠራበት በኩል ቀለም አምራች ሕዋሳት አይሰፍሩም። ደማቁ ፈረስ ላይ ጂኑ ራሱ ጤነኛ ነው። የተበላሸው አጠገቡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ማብሪያው ፀጉር ሥር ላይ ስለማይበራ ቀለሙ ዙሪያውን ይሞላል፣ ፈረሱም ይደምቃል።

ነገሩ ተገለበጠ አይደል? እኛ ደማቁን ዳማ ዋናውን፣ ቡላውን ደግሞ የደበዘዘውን አድርገን እናያለን። ግን ቡላው ነው የጥንቱ። የሞንጎሊያው የፕርዠቫልስኪ የዱር ፈረስ እስከ ዛሬ ቡላ ነው። ደማቁም ቢሆን የትናንት አይደለም፤ ሰው ፈረስን ከማልመዱ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ40,000 ዓመት በፊት በኖረ ፈረስ ዲኤንኤ ውስጥ ከለውጦቹ አንዱ ተገኝቷል። መስመር የሌላቸው ጥቁር የቻይና አህዮችም ሲመረመሩ፣ እዚያው ቲቢኤክስ3 አጠገብ አንዲት ፊደል ጎድላ ነው የተገኘችው።

የዱር ቡላ እንደ ክሬም መደበቅ አያውቅም። አንድ ቅጂ ካለ ይታያል፣ በጥቁሩም ፈረስ ላይ ሳይቀር። ስለዚህ የጋሼ ባዝራ የዱር ቡላ ብትሆን ኖሮ ከወላጆቿ ቢያንስ አንዱ ቡላ መሆን ነበረበት። ያኔ ሐሜተኛው ሰፈር እውነቱን ነበር ማለት ነው።

ግራጫ ፈረስ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም። እሱ ጠቆር ብሎ ተወልዶ ከዕድሜ ጋር የሚነጣ ነው፤ ጂኑም ሌላ ነው።

[ምስል፦ የባዝራዋ ጀርባ፣ ኮርቻው እንዳለ]

«ጋሼ፣ ጀርባዋ ላይ መስመር አላት?»

«የምን መስመር?»

ኮርቻውን ፈትተው አነሱት። ላቧን በእጃቸው ጠረጉ። ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ምንም የለም፤ ጥርት ያለ ቡላ። የላብራቶሪ ምርመራ አይተካም፣ ግን ወደ ክሬም የሚያመለክት ነው። እናትየው ከሞላ ጎደል ነጻ ወጥታለች።

ጋሼ ደስ ብሏቸው፣ ቡላ ድንጉላ ፈልገው እንደሚያስጠቋት ነገሩኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ድንጉላውም ክሬም ከሆነ ከአራት አንድ ዕድል ውርንጭላው ሁለት ቅጂ ይወርሳል። ያኔ ጥቁሩም ቀዩም ይቀጥናል። ፀጉሩ ነጭ ሊባል ምንም አይቀረው፣ ቆዳው ሮዝ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ይሆናል። በሽታ አይደለም። ግን ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐዩ ለሮዝ ቆዳ አይመችም፣ አፍንጫው አካባቢ ይቃጠላል።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ።

«ዓይኑ ሰማያዊ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንደሱ ያለ ፈረስ ይዤ ገበያ ብቆም ማን ጋሪዬ ላይ ይወጣል? ሰው ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል እንጂ።»