ታብሌቱ ይምጣ፤ ቁልፉስ ማን ጋ ይሆናል?

አድማጮች ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ኮምፒውተርና ታብሌት ስለሚያቀርቡበት መንገድ ለጠየቁት፣ የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያው የሰጡት መልስ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከደሴ ነው። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተውልናል። ግማሻችን የኮምፒውተር ክፍል ይሠራ እንላለን። ሌሎቹ ለእያንዳንዱ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ታብሌት ይሰጥ ይላሉ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ልጆቹ የየራሳቸውን ስልክ ይዘው ይምጡ ባይ ናቸው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ገንዘቡ ሳይወጣ መከራከራችሁ ደስ ብሎኛል። ብዙ ቦታ ክርክሩ የሚነሳው ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው።

እኔ ብሆን አራተኛ መንገድ እመርጣለሁ። 30 ታብሌት ግዙ። ጎማ ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ፤ እዚያው ቻርጅ ይደረጉ። ሳጥኑ ከክፍል ክፍል ይዙር። 9ኛ ክፍል 8 ሴክሽን ቢኖራችሁና በእያንዳንዱ 60 ልጅ ቢማር፣ ለሁሉም ለመስጠት 480 ታብሌት ያስፈልጋል። በ30 ታብሌት ግን ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ብንል፣ በሳምንት 30 ነው። እያንዳንዱ ሴክሽን ሦስት ጊዜ ቢደርሰው 24ቱ ይያዛሉ፤ 6ቱ ይተርፋሉ። ሁለት ልጅ በአንድ ታብሌት መሥራቱም አይጎዳም። አንዱ ለሌላው ሲያስረዳ እሱም ይገባዋል።

መብራቱንም አስቡት። አንድ ታብሌት ቻርጅ ሲደረግ 10 ዋት ገደማ ይወስዳል። 30ው ተደምሮ 300 ዋት ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ እያንዳንዱ 100 ዋት አካባቢ ቢወስድ፣ 30ው 3,000 ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የኮምፒውተር ክፍሉ ወዲያው ይቆማል። ታብሌቱ ግን ማታ ከተሞላ ቀኑን ያስተምራል።

ኢንተርኔት የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት የሚያቀርብ፣ ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ታብሌቶቹ በክፍሉ ዋይፋይ ከእሱ ጋር ይገናኛሉ። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የመማሪያ መጻሕፍቱንም በፒዲኤፍ ጫኑበት።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚለው ሐሳብ ልብ ይማርካል። እኔንም ማርኮኝ ነበር። ፔሩ በዚህ ሐሳብ ተነስታ ከ800,000 በላይ ላፕቶፕ ገዛች። የአሜሪካ አገሮች ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች ካላገኙት አልበለጡም። ዕቃው ልጆቹ እጅ ገብቷል፤ የማስተማሩ ሥራ ግን ብዙም አልተለወጠም።

እኛም ፕላዝማን፣ ያንን ትምህርት የሚተላለፍበትን ቴሌቪዥን አንረሳም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃው ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ስለሚመጣ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ መምህሩ ምን ያድርግ? ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ መምህሩ ሊያስቆመው፣ ሊደግመው፣ እንደ ክፍሉ ሊያደርገው የሚችለውን ምረጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ወቅት ባገለገልኩበት ትምህርት ቤት ታብሌቶች በእርዳታ መጡ። ንብረት ክፍል በዕቃ መቀበያው ቅጽ፣ በሞዴል 19 ተቀበለና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈ። መምህራኑ በዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ በሞዴል 22 ፈርሞ መውሰድን ፈሩ፤ ቢሰበር ከደመወዛቸው የሚቆረጥ መሰላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲከፈት የአንዳንዱ ባትሪ አብጦ ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። አንድም ልጅ አልነካቸውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ ወስኑ፤ በሥራ ላይ የተሰበረ ዕቃ መምህሩን ዕዳ ውስጥ አይከተውም በሉ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆንም ጻፉት። ከአራት ብር አንዱን ለጥገናና ለመምህራን ሥልጠና አስቀሩ። በቀረው 30 ካልደረሰ 20 ግዙ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። ልጆቼ የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ከመስከረም ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ይዞ ይምጣ ብሏል። ሁለት ልጆች አሉኝ። አንድ ገዝቼ ቢጋሩስ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሁለቱ በተለያየ ክፍል በአንድ ሰዓት ከተማሩ መጋራት አይሆንም። ግን ገና አይግዙ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ፦ በየትኛው ትምህርት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚፈለገው? የትኛው መተግበሪያ ነው የሚጫነው? መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ልጅስ ምን ይሆናል? «በሁሉም ትምህርት» የሚል መልስ ከመጣ፣ ገና አልታሰበበትም ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። አንዱ ውድ ዕቃ ይዞ፣ ሌላው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ይዞ፣ ሌላው ባዶ እጁን ሲመጣ ልጆች ያያሉ። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው ጥቂት ታብሌት እንዲያዘጋጅ ይጠይቁ። ብቻዎን ከሚጠይቁ አሥር ሆናችሁ ብትጠይቁ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። እዚህ ያገለገሉ የትምህርት ቤት ክሮምቡኮች፣ ማለትም በጉግል ሲስተም የሚሠሩ ላፕቶፖች፣ በርካሽ ይሸጣሉ። 40 ገዝተን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት ልንልክ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክሮምቡክ ሞዴል የደኅንነት ማሻሻያ የሚያበቃበት ቀን አለው። ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. ጊዜውን ወደ 10 ዓመት አራዝሟል፤ ግን የሚቆጠረው ሞዴሉ ከወጣበት እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ትምህርት ቤት ከአስተዳደር መዝገቡ ካላወጣው ዕቃው እንደተቆለፈ ይቀራል። ስትከፍቱት የዚያን ትምህርት ቤት አካውንት ይጠይቃል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ በአንድ አስከፍታችሁ እዩ። ክሮምቡክ ያለ ኢንተርኔት ብዙ እንደማይሠራም አትርሱ፤ ትምህርት ቤቱ ኮሊብሪ ያለበት ኮምፒውተር ከሌለው እሱንም ጨምሩ። ጉምሩኩን ከመላካችሁ በፊት ጨርሱ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ ባሕር ዳር። ተማሪዎቼ ስልክ አላቸው። በክፍል ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግን ሁሉም አላቸው ብለው አይነሱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ በቴሌግራም የተላከው ትምህርት ስልክ የሌለው ልጅ ጋ አልደረሰም። እገዳና ቁልፍ ብቻውን እንደማይበቃም ይወቁ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ለተማሪዎች አይፓድ ስታድል፣ ልጆቹ በቀናት ውስጥ የድረ ገጽ መከልከያውን አልፈውት ነበር። ልጅን የሚይዘው የሚሠራው ሥራ ነው።

በቡድን ያድርጉት። ለአምስት ልጅ አንድ ስልክ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአንድ ጥያቄ፣ ለ10 ደቂቃ ይሁን። ከዚያ ስልኩ ይመለስ። ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ትናንሽ ወረቀት ያድሉና ቤታቸው ስልክ እንዳለ ይጠይቁ። ስም አይጻፍበት።