በጆሮ የተቆላ ቡና

የተከበራችሁ የንባብ ክበባችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ማስተዋል ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነብኝ ወደ አንድ የቡና ምጣድ አጥብቤዋለሁ።

አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ነበር፤ ይሁንና ቡና መቁላቱን ለማንም አሳልፈው አልሰጡም። ከጎናቸው ተቀምጬ «አያቴ፣ እንዳያርብዎት» ስላቸው «ዝም በል፤ ገና አልተናገረም» ይሉኝ ነበር። ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው እርጥበት ስለሆነ፣ ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲፈስ እንደ ጠጠር ደፈን ያለ ድምፅ አለው፤ እየታመሰ ውሃው ሲተን ደግሞ ፍሬው እየቀለለና እየተነፋ ስለሚሄድ፣ በማማሰያው በተገላበጠ ቁጥር እንደ ደረቅ ሽምብራ ይንሿሿል። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ አያቴ ጆሯቸውን ጥለው የሚጠብቁት ይህን ጠሽ ጠሽታ ነበር። በመሣሪያ የሚቆሉ የዛሬ ባለሙያዎችም የሙቀት መለኪያ ፊታቸው ተደቅኖ እያለ ይህንኑ ድምፅ ያደምጣሉ።

አፍንጫ ግን እንደ ጆሮ ታጋሽ አይደለም። አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ይለምደውና መንገሩን ይተዋል፤ ከደጅ የገባ እንግዳ «ቤቱ እንዴት ያውዳል!» ሲል እኛ ባለቤቶቹ ግራ የምንጋባው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚጨሰውን ምጣድ እያንዳንዱ ሰው ፊት ማዞራችን ለእኔ ወግ ብቻ አይመስለኝም፤ የለመደን አፍንጫ በቅርበት መቀስቀሻም ነው። (የወጉ አዋቂዎች ከዚህ የተሻለ ምክንያት ካላችሁ በኋላ አርሙኝ።)

ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው ባለፈው እሑድ ምን እንዳደረግሁ ልናዘዝ። ልጄ ምጣዱን ይዛ ፊቴ ስትቆም፣ ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል በግራ እጄ ጭሱን ወደ ፊቴ መለስ መለስ አደረግሁና «እሰይ፣ ተባረኪ» አልኳት። አልሄደችም። ቀና ስል ጭሱ አልቆ፣ ምጣዱም በርዶ ነበር።

ከአዳራሹ ጥግ የእናቶቻችን ቡና ጠሽ ማለት ጀምሯልና እዚህ ላይ ላቁም።