የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የሕንድ የቅመም ሻይ

በስልክ ለገቡ ጥያቄዎች የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰጡት መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምደውለው። እዚህ ያለው ካራክ የሚባለው የወተት ሻይ ከሕንዶቹ የማሳላ ሻይ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው፣ የኔ እህት። ካራክን ወደዚያ ያመጡት ከሕንድና ከፓኪስታን የሄዱ ሠራተኞች ናቸው። ስሙም የመጣው «ካዳክ» ከሚለው የሂንዲ ቃል ነው፤ ጠንከር ያለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዝንጅብል ስጨምርበት ወተቱ ይቆራረጥብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሬ ዝንጅብል ወተት ያረጋል። ሲፈላ ግን ያ ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተወቀጠ ዝንጅብልና ሔል በውሃ 5 ደቂቃ ይንተክተኩ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ እንደምርጫሽ ነው። ቀጥሎ ሻይ ቅጠል፣ ከዚያ ስኳርና ወተት። ሕንድ አገር ስማር መንገድ ዳር ያሉት ሻይ አፍይዎች ወተቱ ሊገነፍል ሲል ድስቱን ከእሳት ያነሱታል፤ መልሰው ይጥዱታል። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ያጠሉታል። አደራ፣ ወተቱ ይፍላ።

ጥያቄ፦ በሔል ፋንታ ኮረሪማ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ጣዕሙ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሻዩን በቅመም አፈላና የጎረቤት ላም ወተት ሳላፈላ እጨምርበታለሁ። ቫይታሚኑ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ልጆቼም ይጠጡታል።

መልስ፦ እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ይህን በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ በየሳምንቱም እደነግጣለሁ። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት የሚመጣ የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢ ያስተላልፋል። «ላሟ ጤነኛ ናት፣ አውቃታለሁ» ትሉኛላችሁ። ጀርሙን የተሸከመች ላም እኮ ደህና መስላ ልትታይ ትችላለች። «ሻዩ ትኩስ ነው፣ ይገድለዋል» ትሉኛላችሁ። ቀዝቃዛ ወተት ሲገባበት ሻዩ ወዲያው ይበርዳል፤ አትመኑት። ቫይታሚኑስ? ሲፈላ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም የትም አይሄዱም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ብሩሴሎሲስ እስከ ውርጃ ሊያደርስ ይችላል። ሕንዶቹ ወተቱን ከሻዩ ጋር አብረው ነው የሚያንተከትኩት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ልጆቹ ደግሞ ሻዩ ይቅርባቸውና የፈላ ወተት ይጠጡ።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የደም ማነስ ክኒኔን በዚሁ ሻይ ብወስደውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሻይ በክኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በውሃ ውሰጂው። ሻዩን ከክኒኑም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። የምትጠጪውንም መጠን ለሐኪምሽ ንገሪ። ወተቱም ይፍላ።

ጥያቄ፦ አባቴ ትኩሳት እየተመላለሰ ያስቸግረዋል፤ ሌሊት ያልበዋል፣ ወገቡንም ያመዋል። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። ጥሬ ወተት ይወዳል። ዝንጅብሉን ባበዛለት ይሻለዋል?

መልስ፦ ይህ በሻይ የሚድን አይደለም፣ ልጄ። ቅድም ያልኩት ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ጥሬ ወተት እንደሚጠጡም ለሐኪሙ ንገሪ።